ጢዝዝ የሚለው በር

መነጽር ሻጯ ለአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ጌም የምትሰጠውን ጊዜ ግማሹን ለትዳር ብታውለው የት በደረሰች ነበር ይላሉ እናቷ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ጌሙ በአንድ ሰፊ የጨለመ ቤት ውስጥ እየዞሩ የጠፋ ፋኖስ የሚፈልጉበት ነው። በልጅነቷ ታላቅ ወንድሟ ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጣ፣ በፍርሃት እጅጌውን ጨምድዳ ትይዝ ነበር። አሁን ምስሉ ደብዝዞ ድምፁ ሻክሮ ስላረጀ፣ ከሥራ ስትመለስ ውስጡን ከፋፍታ ታድሰዋለች። ሞድ ይሉታል ባለሙያዎቹ። በዚህ ሥራ የተሰባሰቡት ጓደኞቿ ሕጋቸው አንድ ነው፦ ከኦሪጅናሉ ንቅንቅ የለም። ዳኛው የሚል ቅጽል ያወጡለት ጓደኛቸው እንኳ አንዴ የመጋረጃው ቀለም ትንሽ ደመቀ ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፏል።

እሷም ከሁሉም ልብለጥ ብላ የጌሙን ድምፅ የቀዱትን ሽማግሌ አፈላልጋ አገኘች። ዋናውን ቅጂ በሳጥን አስቀምጠውት ኖሯል። ያኔ በዲስኩ ላይ ቦታ ስለጠበበ ድምፁ ተጨምቆ መበላሸቱን፣ በተለይ በኮሪደሩ በር የሚገባው ነፋስ ጢዝዝ ሲል በሰሙ ቁጥር እንደሚያፍሩ ነገሯት። ንጹሑን ላኩላት፤ አስገባችው። ነፋሱ ነፋስ ሆነ። ዳኛው ሳይቀር፣ ከኦሪጅናሉ የበለጠ ኦሪጅናል ሆነ ብሎ አመሰገናት።

የቀረው ወንድሟን ማስደነቅ ነበር። ዓይኑን ያመዋል። ስትጠይቀው ሁሉ፣ ደህና ነኝ፣ ጌሜን እየጨረስኩ አይደለም እንዴ ይላታል። እውነትም ይጨርሳል። ደንበኛውን ሁሉ ሂድና ታከም ስትል የምትውል ሴት፣ የገዛ ወንድሟን ግን በዚህ ተማምና ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ከፈተችለት። ሲጫወት እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አደረገ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳ መታ። ዞሮ መጣና እንደገና መታ። በሩ ስክሪኑ መሐል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«በሩን የት አደረስሽው?» አላት።

የሚቀልድባት መስሏት ልትስቅ ስትል ፊቱን አየች። ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው፤ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘንብሏል። በራሷ በጣም ተናደደች። ሽማግሌው ያፈሩበት ጢዝዝታ ለወንድሟ መንገድ ሆኖት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ አጠራሁ ብላ መንገዱን ዘጋችበት።

ትንሽ ቆይ፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ ነው አለችና የድሮውን ድምፅ መለሰች። ዳኛው ምን እንደሚል ታውቃለች፤ ይበል። ከዚያ እጇን ሰደድ አድርጋ ስክሪኑን አጠፋችው።

በሩ ጢዝዝ አለ። ወንድሟ በጠፋው ስክሪን ፊት ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ኮሪደሩን ጨረሰ፣ በሩን ከፈተ፣ ገባ። ፊቱ በራ።

«ይኸውልሽ፣ ኦሪጅናሉ ይሄ ነው» አለ። «ምስሉንም አሳምረሽዋል።»

እንባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ እኮ ጠፍቷል» አለችው።

ጣቶቹ ቆሙ።

«ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ» አላት በመጨረሻ። «አሁን ግን ፋኖሱ ጋ ልድረስ።»

እሺ አለችው። ስክሪኑን ሳታበራ ከጎኑ ተቀምጣ እጅጌውን ያዘች።