ሦስተኛው መሳቢያ

አናጺው ሻንጣውን እየጎተተ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ፣ ቁልፍ ቀራጩ የደንበኛ ቁልፍ ማሽኑ ላይ አስሮ እየሞረደ ነበር። ቀና ብሎ ሻንጣውን አየ። ቀጥሎ አናጺውን አየ። ከዚያ እንደገና ሻንጣውን።

"አልተዘጋጀህም እንዴ?" አለ አናጺው።

"ለምኑ?"

"ለበረራው ነዋ! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለብን።"

ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን አጠፋ። "በረራው ነገ ነው። ነገ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"ተቀይሯል'ኮ! የነገው ወደ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ዞሯል። እኔ መርከቡ እንዳያመልጠኝ ብዬ የዛሬ ሳምንት የዛሬ ማታውን አስያዝኩ። ምነው፣ መልእክት አልደረሰህም?"

"አልደረሰኝም።"

"ለሁሉም ተሳፋሪ ልከናል ነው ያሉት።"

"ለሁሉም፣" አለ ቁልፍ ቀራጩ፤ የብረት ብናኙን ከመዳፉ እያራገፈ። "ከኔ በቀር።"

አናጺው የሚስቱ ወንድም ነው። ሚስቱ ለድግሱ ዝግጅት ቀደም ብላ ሄዳለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ብቸኛ ልጃቸው በባሕር ማዶ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤት ቀርባ የጋብቻ ውል ትፈርማለች። እዚያ የሚደርሰው በአውሮፕላን ወደቡ ድረስ፣ ከወደቡ ደግሞ በመርከብ ነው። መርከቡ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ስድስት ሰዓት ይጓዛል። ቁልፍ ቀራጩ የዓርቡን የመርከብ ቲኬት ገዝቶ ኪሱ ከከተተው ሁለት ወር ሆኖታል። ጀርባው ላይ በቀይ "አይመለስም፤ አይለወጥም" ተብሎ ታትሞበታል። ነገ ስምንት ሰዓት የሚነሣ አውሮፕላን ወደቡ ሲደርስ መርከቡ መሐል ባሕር ላይ ነው። የቅዳሜውን ልሳፈር ቢል ደግሞ የሚደርሰው ሁሉም ፈርሞ፣ በልቶ፣ ጨፍሮ ካበቃ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ይቅር። ልጅቷ ከአምስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ራሷ ደውላ፣ "አባ፣ ምስክር ሆነህ የምትፈርምልኝ አንተ ነህ፤ እንዳትቀር" ብላዋለች። እሱም "ሞቼ ካልሆነ" ብሏል።

አሁን ዓይኑን አናጺው ላይ ተክሎ ቀረ። ነገሩ አልጥም አለው። አባት ከቀረ ማን ሊፈርም ነው? አጎት! ልጅቷ ከቤት ስትወጣ የተጠጋችው እሱ ጋ ነው። ሦስት ዓመት ያኖራት፣ ያስተማራት እሱ ነው። የዛሬ ሳምንት በረራውን ሲቀይር ደውሎ "አንተስ?" ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

"ሳምንት ሙሉ ስታውቅ ለምን አልነገርከኝም?"

"ታውቃለህ ብዬ ነዋ! ቲኬትህን አብሬ ልቁረጥልህ ብልህ፣ ፓስፖርቴን ለሰው አልሰጥም ያልከው አንተ አይደለህ?"

"እሱማ ብያለሁ።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ና፣ ቲኬት ቢሮው ድረስ አብረን እንሂድ።"

"ብቻዬን እሄዳለሁ።"

"እንግዲያው እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ሻንጣ ተሸክሜ አልዞርም።"

ቁልፍ ቀራጩ ሱቁን ዘጋ። የበሩን ሁለት ጋን ቁልፎች ሲቆልፍ እጁ እንዳይታይ በጀርባው ከለለ፤ ሄዶ ተመለሰና አንዴ ጎተት ጎተት አደረጋቸው። አናጺው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እያየው ሳቀ።

"በሩን ነው የምትጠብቀው ወይስ ከኔ ነው የምትጠብቀው?"

ቁልፍ ቀራጩ ታክሲ ሊያስቆም ወደ ዋናው መንገድ ወጣ።

መጠርጠር ጠባዩ ነው። የሰፈሩ ሰው "ጠርጥር" እያለ ይጠራዋል፤ የተረቱን ቀሪ ለሰሚው ትቶለት። ሙያውም አግዞታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው በር የሚባል ነገር አያምንም። የደንበኛን አድራሻ ጠይቆ አያውቅም፤ የተበላሸ ቁልፍ ሲጥል ለሁለት ቆርጦ ነው። ስልክ ቁጥሩም ሁለት ነው። አንዱን ለሚያምናቸው ይሰጣል፤ እነሱም ሚስቱና የማሽን ዕቃ አቅራቢው ናቸው። ልጁና አናጺው እንኳ በስንት ልመና ነው ያገኙት። ሌላውን ለቀረው ዓለም ይሰጣል።

ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነገሩን አንድ በአንድ አወጣ አወረደ። አናጺው ቲኬት ቢሮው ውስጥ ዘመድ አለው ሲባል ሰምቷል። ወይስ ያለው ባንክ ቤት ነው? መልእክቱን አስጠፍቶበት ቢሆንስ? ደግሞ ሻንጣውን ይዞ እስከ ሱቁ ድረስ የመጣው ለምንድን ነው? መቅረቱን በዓይኑ አይቶ ሊሄድ? አንዷን ሐሳብ ሲጥል ሌላዋ ትነሣለች፤ ሁሏም ዞራ ዞራ አናጺው እግር ሥር ትወድቃለች።

ቲኬት ቢሮው ውስጥ ተራ ሲደርሰው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሠራተኛዋ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

"ጋሼ፣ በረራዎ መቀየሩን አሳውቀናል።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ። ሦስት ጊዜ። አንዱ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ አንዱ የዛሬ ሳምንት፣ አንዱ ትናንት። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሐሙስ ማታ መቀየር ይችላሉ ይላል።"

"አንድም አልደረሰኝም። ምናልባት አንድ ሰው ቁጥሬን አስቀይሮት ይሆናል። ዘመድ ያለው ሰው።"

ሴትየዋ በመነጽሯ አናት ላይ አየችው። "ማንም አልነካውም። ሲገዙ የሞሉት ቅጽ ይኸው፤ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ አይደለም?"

ወረቀቱን አዞረችለት። የራሱ ጽሑፍ ነበር፤ ጠበብ ጠበብ ያለ፣ ሌላ ሰው መሐሉ ቁጥር እንዳያስገባበት ተጠጋግቶ የተጻፈ። ስልክ በሚለው መስመር ላይ የተጻፈችው ለቀረው ዓለም የሚሰጣት ቁጥር ናት። የስልኳ ቀፎ ከክረምት ወዲህ ተዘግታ ሱቁ ውስጥ፣ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች።

ኩም አለ።

"ዛሬ ማታ ቦታ አለ?" አለ በቀስታ።

"አንድ ቀርቷል። ግን ለውጡን ለማጽደቅ ወደዚህ ቁጥር የማረጋገጫ ቁጥር እልካለሁ፤ እሱን ይነግሩኛል።"

"በዚህኛው ስልኬ ላኪልኝ።"

"አይቻልም፤ ቁጥር ማስቀየር ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል። ደንቡ የወጣው ለእርስዎ ደኅንነት ነው፤ አጭበርባሪ በዛ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ደንብ ላወጣው ሰው እጅ ይነሣ ነበር።

"ስንት ደቂቃ አለኝ?"

"ቦታውን ለሃያ ደቂቃ ይዤ ማቆየት እችላለሁ። ከዚያ ሲስተሙ ራሱ ይለቀዋል።"

ሱቁ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሱቁ ትርፍ ቁልፍ የት እንዳለ ደግሞ ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

ግን ያስጨነቀው የሱቁ ቁልፍ አልነበረም። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ከስልኳ ጎን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች።

ከአምስት ዓመት በፊት አናጺው ለልጅቷ ክዳን ያለው ሳጥን ሠርቶላት ነበር፤ ትንሽ መቆለፊያ ያለው። ልጅቷ ሳጥኑን መቆለፍ አበዛች። አባትየው እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለች የመቆለፊያውን ልክ ወስዶ ቁልፍ ቀረጸ፤ ከፈተ። ውስጡ የጠረጠረው ነገር አልነበረም። የባሕር ማዶ ኮሌጅ የማመልከቻ ቅጂ ነበር፤ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ በልጅነቷ እሱ ሱቅ ቁጭ ብላ ራሷ ሞርዳ ያበላሸቻት ቁልፍ ነበረች። መልሶ ሲያስቀምጥ ጨርቁን አዛብቶ ጠቀለለው። ልጅቷ አወቀች። "ማን ከፈተው?" አለች ማታ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት። እናቷ ነበረች፤ አናጺውም ነበረ። ቁልፍ ቀራጩ፣ "እኔ አልነካሁም፤ ከዋሸሁ ዓይኔን ያጥፋው፤ ራስሽ ክፍት ትተሽው ነው" አለ። በሳምንቱ ወጥታ ሄደች። ያቺን የቀረጻትን ቁልፍ ግን እንደ ልማዱ ለሁለት ቆርጦ መጣል አቃተው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሴትየዋ ሰዓቷን አየች። "አሥራ አራት ደቂቃ ጋሼ።"

ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ምን ሆነ? ተሳካ?" አለ አናጺው።

"ሱቁን ክፈትልኝ።"

"በምን? በጥርሴ?"

ቁልፍ ቀራጩ ወደ ግድግዳው ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከበሩ በላይ በሽቦ የታሠሩ አሮጌ ቁልፎች አሉ አይደል? ለማስታወቂያ የሰቀልኳቸው።"

"እነዚህ የዛጉት?"

"ከመሐላቸው ሁለት ያልዛጉ አሉ። አናታቸው ላይ በሞረድ ተጭረዋል። የሁለቱ ጋን ቁልፎች ናቸው።"

አናጺው ሳቁን ለቀቀው። "አንተ ሰውዬ! አሥር ዓመት ሙሉ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ስጫወት!"

"ሳቁን ተውና ክፈት። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ስልክ አለች። አብራት። መልእክት ይገባል፤ ቁጥሩን አንብብልኝ።"

ሽቦው ሲንኳኳ፣ ቁልፎቹ ሲጋጩ ሰማ። በሩ ሲከፈት ሰማ። አንደኛው መሳቢያ፣ ሁለተኛው መሳቢያ... ይህ ሰው ምን ያደርጋል ሁለተኛውን? ሦስተኛው።

ከዚያ ምንም አልተሰማም።

"አለህ?" አለ ቁልፍ ቀራጩ።

ስልኩን ዘግቶበት ይሆናል፤ ይሄኔ ሻንጣውን አንሥቶ መንገድ ጀምሯል፤ ለእኅቱ እየደወለ ነው፤ ለልጅቷም ይደውላል፤ ነገ መርከቡ ላይ ብቻውን ይሳፈራል፤ ቅዳሜ ብዕሩን አንሥቶ ይፈርማል። ደግሞስ ቢያደርገው ምን ይፈረድበታል?

"ዘጠኝ ደቂቃ፣" አለች ሴትየዋ። ቁጥሩን ልካለች።

"አለሁ፣" አለ አናጺው በመጨረሻ። ድምፁ ሳቅ አልነበረበትም። "የልጅቷን ሳጥን መቆለፊያ እኔ ነኝ ከገበያ የገዛኋት። ቁልፏ ሁለት ጥርስ ነው ያላት። በየትም ባያት አውቃታለሁ።"

ቁልፍ ቀራጩ ስልኩን ከጆሮው አጣብቆ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋ።

"ዓይኔን ያጥፋው ብለህ ነበር፣" አለ አናጺው።

"ብዬ ነበር።"

"ልጅቷ'ኮ እኔ ቤት ሆና ሁለት ወር ሙሉ፣ 'ምናልባት ራሴ ክፍት ትቼው ይሆን?' እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። እኔም 'አባትሽ አይዋሽም፤ ጠርጣራ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም' አልኳት። አፌን ሞልቼ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም! ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።"

ዞር ሲል፣ ከመስኮቷ መስታወት ጀርባ ሴትየዋ አምስት ጣቷን ዘርግታ አሳየችው። ሊለምን አፉን ከፈተ፤ ኀፍረቱ አፉን መልሶ ዘጋው። አናጺው በረጅሙ ተነፈሰ፤ የስልኳ ማብሪያ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ መልእክት በመልእክት ላይ እየጮኸ ገባ።

"ሦስት የድሮ፣ አንድ አዲስ። አዲሱን ልንገርህ፤ ያዝ። አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት..."

ቁልፍ ቀራጩ እየተከተለ ጮክ ብሎ ደገመ። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሁሉ የምሥጢር ቁጥሩን ሰማ። ሴትየዋ ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ራሷን ነቀነቀች።

"ተይዟል ጋሼ። ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል።"

ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። "ተሳካ፣" አለ በስልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ። ፓስፖርቴ እንደሆነ ከኪሴ አይለይም፤ ለልብሴ ወደ ቤት አልመለስም፤ በቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያው እንገናኝ።"

"ሱፍህስ?"

"ስንደርስ እዋሳለሁ።"

"የኔ ይሰፋሃል፤" አለ አናጺው። ድምፁ አሁን ለስለስ ብሏል። "ስማ። የሱቁን ቁልፎች ሽቦው ላይ መልሼ እሰቅላቸዋለሁ። ይቺን ትንሿንም መሳቢያዋ ውስጥ ልመልሳትና ልዝጋው። እኔ ምንም አላየሁም። ሠርግ ነው፤ ደስታዋን አናበላሽ። ቅዳሜ ፈርምላት፣ በቃ።"

ቁልፍ ቀራጩ እንደ ልማዱ ጠረጠረ። ይህ ሰው ውለታውን መቼ ሊያስከፍለኝ ነው ብሎ አሰበ። ቆይቶ ግን ጥርጣሬው የሚይዘው አጣ፤ አናጺው የሚያተርፈው አንድም ነገር አልታየውም። ቅዳሜ በሚፈርምበት ወረቀት ላይ "የመሰከርኩት ሁሉ እውነት ነው" የሚል መስመር እንዳለ ልጁ በስልክ አንብባለት ነበር። ያን ጊዜ በሁለቱም በኩል ተስቋል።

"ሳጥኑ አሁንም አላት?" ሲል ጠየቀ።

"አላት። ይዛው ነው የሄደችው።"

"እንግዲያው ትንሿን ቁልፍ አትመልሳት። ኪስህ ክተታትና ይዘሃት ና። ከመፈረሜ በፊት በእጄ እሰጣታለሁ።"

"ምስክርነቱን ብትከለክልህስ?"

"ያኔ አንተ ትፈርማለህ፣" አለ ቁልፍ ቀራጩ፤ ስልኩንም ዘጋ።