ከምልክቱ ያለፈችው መኪና

"መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለሽ ወረቀቱን ማን እንዳስቀመጠው አላየሁም ትዪኛለሽ?" አለ አሰልጣኙ፣ የቅጣት ወረቀቱን ከዝናብ መጥረጊያው ሥር መንጭቆ።

"ስልኬን እያየሁ ነበር ጋሼ" አለች ተማሪዋ፣ መሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች።

ተረኛዋ ነጂ እሷ ነበረች። መሪው ላይ አስቀምጧት ውሃ ሊገዛ ወረደ። ከመውረዱ በፊት መኪናዋን ከክልክል ምልክቱ ወዲህ፣ በገዛ እጁ እንዳቆማት ይምላል። አሁን ግን ምልክቱን አልፋ የአንድ ጋራዥ በር ዘግታለች። መኪና ደግሞ እግር አታበቅልም።

ሰውየው ድሮም ተጠራጣሪ ነው። ተማሪዎቹ በሌለበት "ጋሽ ተጠንቀቅ" ይሉታል፤ እሱም "ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር" እያለ ነው መንዳት የሚያስተምረው። ዛሬ ደግሞ የባሰ ምክንያት አለው። ይህ ሦስተኛ ቅጣቱ ነው። ከከፈለ ጥፋቱን አምኗልና የአሰልጣኝነት ባጁ ለሁለት ወር ይያዝበታል። የቤት አከራዩ ደግሞ ባጅህ ተያዘ ብሎ የሚታገስ ሰው አይደለም።

መጀመሪያ ትራፊክ ፖሊሱን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ባለ ጋራዡን። ከዚያ ዓይኑ የእጅ ፍሬኑ ላይ አረፈ። እሱ ሲስበው ልክ አለው፤ አሁን ግን ሊነቀል እስኪደርስ ተስቧል። እንዲህ የምትስበው እሷ ናት።

"አንቀሳቅሰሻታል" አላት።

አንገቷን ደፋች። "ብቻዬን ልሞክር ብዬ ነው። እርስዎ አጠገቤ ሲሆኑ መሪው በየት እንደሚዞር ይጠፋብኛል። ፈተናውን ሁለቴ የወደቅሁትም መኪና ማቆም ላይ ነው።"

"ፖሊሱ ሲመጣስ?"

"ወንበሩ ሥር ተደበቅሁ።"

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። ማን ያውቃል፣ ይህም ማዘናጊያ ይሆናል። ቦታ ቀይሮ፣ ራሱ እየነዳ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ገሰገሰ።

"እውነቱን ይንገሯቸው፤ እኔም እመሰክራለሁ" አለችው መንገድ ላይ።

ይህ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ? "ያለ አሰልጣኝ ያንቀሳቀሰ ተማሪ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ?"

"ዓመት ሙሉ አይፈተንም።"

"የዳቦ ቤቱ ሥራሽስ?"

"የማክሰኞውን ፈተና ካለፍኩ ዳቦ ማመላለሱን ይሰጡኛል። ካልሆነ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። ምን ላድርግ ጋሼ? ጥፋቱ የኔ ነው።"

እስኪደርሱ ድረስ ከንግግሯ ውስጥ ተንኮል ፈለገ። ተንኮል ፈልጎ ማጣት እንዲህ እንደሚያናድድ አያውቅም ነበር።

"ቅሬታ ነው ክፍያ?" አለችው የመስኮቷ ሠራተኛ።

"ቅሬታ።"

"እሺ አባት። መኪናዋን እዚያ ያቆማት ማን ነው?"

ሊናገር አፉን ከፈተ። ተማሪዋ ግቢው ውስጥ ቆማ የሸሚዟን አንገት ታስተካክላለች፤ ለምስክርነት እስክትጠራ እየጠበቀች ነው። እሷ ጥፋቷን አምናለች። መኪናውን ከነቁልፉ ትቶላት የሄደውስ ማን ነው? ፖሊሱን ጠርጥሯል፣ ባለ ጋራዡን ጠርጥሯል፣ እሷን ጠርጥሯል፤ ራሱን ግን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረም። አፈረ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ሠራተኛዋ ቀና ብላ ባጁን አየች። "እንዴ! አሰልጣኝ ሆነው? ታዲያ ምኑ ነው ቅሬታው?"

"ክፍያ በይው" አለና ባጁን ከአንገቱ አውልቆ በመስኮቱ አሾለከላት። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማክሰኞ ተማሪዬን ለፈተና የሚያቀርብልኝ አሰልጣኝ ታውቂያለሽ?"

"ሞልቷል። ምን ዓይነት ሰው ይሁን?"

"ቁልፉን ጥሎ የማይወርድ።"