ጋዝ ብቻ ይሙሉልኝ

ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ኤሲ ስጠግን ብዙ አጥፍቻለሁ፤ ከሆዴ አልወጣ ያለኝ ግን ይሄ አንዱ ነው።

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ብርዱ ይለኛል። እኔ ጣሪያ ላይ በፀሐይ እየተጠበስኩ ለሰው ብርድ ስለማድል ነው ያን ስም ያወጡልኝ።

አንድ ቀን ጠዋት በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚሉ ሴትዮ ጠሩኝ። እትዬ እያልኩ ገባሁ። ኤሲው ያለበትን ክፍል ከጉያቸው ቁልፍ አውጥተው ነው የከፈቱት። የተነጠፈ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ግማሽ የቀረ የመድኃኒት ጠርሙስ።

«የልጄ ክፍል ነው» አሉኝ። «ካረፈች ዓመት ሆናት።»

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ።»

«ዛሬ ልጅዋ ከአባቷ ዘንድ ልትመጣልኝ ነው፤ ከእኔ ጋር ልትኖር። ሙቀት አይሆንላትም። ማሽኑ ደግሞ ይነፋል እንጂ አያቀዘቅዝም።»

አየሁት። ጋዙ አልቋል። ጋዝ ደግሞ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ካለቀ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ቀዳዳውን ይድፈኑና ጋዝ ብቻ ይሙሉልኝ። ከውስጥ ምንም እንዳይነኩብኝ።»

ሳቄ መጣ። ይህችን ቃል ስንት ቤት ሰምቻታለሁ! «ይሄም ተበላሽቷል፣ ያም ይቀየር» እያሉ ሰውን የሚያራቁቱ ሞልተዋል፤ እሳቸውም ያንን የፈሩ መሰለኝ።

«አይስጉ እትዬ፣ ጋሽ ብርዱ ነኝ እንጂ ጋሽ ሌባ አይደለሁም።»

እሳቸውም ሳቁ። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ልጅቷን ሊያመጡ ወጡ። ምነው ያኔ «ለምን?» ብዬ በጠየቅሁ!

የሾለከው ከውጭ፣ የመዳቡ ቧንቧ በዳዶ ከሚታሰርበት ላይ ነበር፤ የሳሙና አረፋ ስቀባው ፊኛ ነፋብኝ። ጫፉን ቆርጬ እንደ መለከት አፍ አሰፋሁትና አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ ፓምፑን ገጠምኩ። ጋዝ ከመሙላት በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ ከቀረ ማሽኑን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። አንዳንዱ አሥር ደቂቃ አስጩሆ ይነቅላል። እኔ ሰዓት ሳይሞላ አልነቅልም።

እጄ ደግሞ ሥራ መፍታት አይወድም። ፓምፑ እስኪጨርስ ብዬ የውስጡን ክዳን ከፈትኩ። አቧራ የሚይዝ ወንፊት የመሰለ ነገር አለው፤ ፊልትሮ እንለዋለን። አቧራው ወፍሮ ብርድ ልብስ መስሏል። ፀጉር ነበረበት፤ ረጅም ረጅም፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ። «ምስኪን፣ እንዳላስከፍላቸው ፈርተው ነው፤ በነፃ ላጥብላቸው» አልኩ። ጓሮ ቧንቧ ሥር ወስጄ ውሃው እስኪጠራ በሳሙና አጠብኩትና ግድግዳው ላይ አስደግፌ ለፀሐይ ሰጠሁት።

ተመልሼ ፓምፑን ዘጋሁ። የግፊት መለኪያውን መርፌ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ባዶ ነው፣ አይሾልክም ማለት ነው። የጋዙን ሲሊንደር ሚዛን ላይ ገልብጬ፣ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ልክ በግራም እየለካሁ ጋዙን ስለቅ እትዬ የጓሮውን በር ከፍተው ገቡ፤ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እጃቸውን ይዛለች።

«መጡ? አንዲት ጠብታ እርጥበት ሳላስቀር ነው ባዶ ያደረግሁት!» አልኩ በኩራት።

አልሰሙኝም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፊልትሮው ነዋ! አጥቤ አዲስ አደረግሁልዎ። ምርቃት ነው።»

የልጅቷን ሻንጣ መሬት አስቀመጡ። ጠጋ ብለው እርጥቡን ወንፊት በአንድ ጣታቸው ነኩት።

«ፀጉሩስ?»

«የቱ ፀጉር?»

«የልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሕክምናው ፀጉሯን ሲያረግፈው እኔ ሞኟ ጠዋት ጠዋት እየጠረግሁ ደፋሁት። ይበቅላል ብዬ። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ይሄ ማሽን እንዳስቀረልኝ ያየሁት። ክዳኑን እየከፈትኩ እጎበኛት ነበር።»

ሮጬ ቧንቧው ሥር ተንበረከክሁ፤ የፍሳሹን ክዳን አንስቼ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ጭቃ፣ የሳሙና አረፋ፣ የበሰበሰ ቅጠል። ደግሜ ከተትኩ። ደግሜ።

«አያቴ፣ ሰውዬው ምን ጠፋው?» አለች ልጅቷ።

«ምንም፣ የኔ እናት። ምንም አልጠፋውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይነሱ ጋሽ ብርዱ፣ ልብስዎ በሰበሰ። ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀረውን ሥራ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ፊልትሮውን መልሼ ማሽኑን ሳስነሳ ክፍሉ በረደ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ከሥሩ ቆማ ሳቀች፤ እትዬ በነጠላቸው ደረቷን ሸፈኑላትና ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ።

በዓመቱ እንደገና ጠሩኝ። ቅዝቃዜው ቀንሷል አሉ። ለካሁት፤ ጋዙ እንዳለ ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ ክዳኑን በፈቃዳቸው ከፈትኩ። ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል፤ በመሃሉ ቀጭን ቀጭን ፀጉር አለ፣ የልጅ ፀጉር። እጄን ሰብስቤ ወረድኩ።

«እትዬ፣ ልንካው?»

መጥተው ቀና ብለው አዩት።

«ይጠቡት» አሉ። «የዚችኛዋ ያድጋል።»

ወስጄ እዚያው ቧንቧ ሥር አጠብኩት። እሳቸውም ውሃው እስኪጠራ አጠገቤ ቆመው አዩ።