በሰኔ ንግሥ የተዋጠች ቃል

የደብሩን ስም አልጠራም። ከአራዳ ቁልቁል ሲወርዱ በስተግራ ነው ብል ግማሹ ጎንደር ይስቅብኛል፤ በዚያ በኩል ደብር የሌለበት ጥግ የታለና። ሰዎቹ ግን ዛሬም አሉ። ያስቀድሳሉ፣ ከቅዳሴ ሲወጡም ስለ መሪጌታ ቢያዝን ድምፅ ያወራሉ። ድምፁ እውነትም ድምፅ ነው። እኔም በድምፁ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቢያዝን ቁራሽ እየለመነ ከተማረበት የገጠር ጉባኤ ቤት ወጥቶ ጎንደር ሲገባ ሃያ ዓመቱ ነበር። ከአንድ ደበሎና ከዚያ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረውም። የተቀበሉት የደብሩ የማኅሌት መሪ፣ መሪጌታ ፊልጶስ ናቸው፤ እንደ ተማሪ ወግ እሱም «የኔታ» ይላቸዋል። ዜማውን አቃኑለት፣ አቋቋሙን አስተማሩት። ሚስታቸው ይርገዱ ልብሱን አጠቡለት፤ ሲታመም አጥሚት እያጠጡ አነሡት። ሚስት ሲያጭም ሽማግሌ ሆነው ደጅ የቆሙለት የኔታ ነበሩ። አባት ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? የወለዱት እንኳ ይህን ሁሉ አላደረጉለትም።

የኔታ ሰባውን ሲሻገሩ አንድ ነገር መጣባቸው። ዜማው እንዳለ ነው፤ ቃሉ ግን እየጠፋ አስቸገራቸው። ይህን የሚያውቅ ቢያዝን ብቻ ነበር። በማኅሌት ጊዜ በቀኛቸው ይቆምና፣ ስንኙ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ የመጀመሪያዋን ቃል ያቀብላቸዋል። ያቺን ካገኙ የቀረው ይከተላል። ለመሪ ቃል ማቀበል የቆየ ልማድ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ሦስት ዓመት እንዲህ ተሸከማቸው። መሸከም የሚለው ቃል የኔ አይደለም፣ የሚስቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፋሲካ ማግስት ነው። የኔታ ቢያዝንን ይዘው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ወገራ ወጥተው ነበር። በግ ታረደ። አራጁ አያ ሰጠኝ የሚባሉ የየኔታ ጎረቤት ናቸው፤ ሞራ ገላጭነታቸው እስከ ዳባት ይወራል። የበጉን ሞራ፣ ያን ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ስስ ስብ፣ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያነሡና በውስጡ ካሉት መስመሮች የሚመጣውን ነገር ያነባሉ። ቤተ ክህነት ይህን አትወድም። የኔታ ጓሮ ብቅ ቢሉ ኖሮ በመቋሚያቸው ያባርሯቸው ነበር። ቢያዝንም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነውና ስቆ መሄድ ነበረበት። ሳቀ፤ አልሄደም።

«መቋሚያ አያለሁ» አሉ አያ ሰጠኝ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። «የመምህርህ ነው። ዘንድሮ ሳያልቅ እጅህ ይገባል።»

ቢያዝን ሞራውን አየ። ለእሱ ስብ ብቻ ነበር።

«ብቻ አትቸኩል» አሉት፣ ሞራውን እያጠፉ። «በራሱ ጊዜ እየመጣ ነው።»

ሰው ከትንቢት የሚጥመውን ቆርሶ ነው የሚይዘው። ቢያዝን «ዘንድሮ» የሚለውን ይዞ ወደ ጎንደር ወረደ፤ «አትቸኩል» የሚለውን ከበጉ ቆዳ ጋር እዚያው ጥሎት መጣ።

ሚስቱ ዓይናዲስ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም በኋላ ጥፋቱን ሁሉ በእሷ ላይ የደፈደፉ ነበሩ። ባሏን ትወዳለች፤ ከጥላ ሥር ወጥቶ ማየት ትሻለች፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። የሞራውን ነገር ሲነግራት አልሳቀችም። የሥራ ልብሷን እያወለቀች ሳለ ነበር፤ እጅጌው ውስጥ እጇ እንዳለ ቁጭ አለች።

ሰኔ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ሐብተ ማርያም የሚባል ከሌላ አገር የመጣ የአቋቋም አዋቂ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ቢሮ ሁለት ጊዜ ሲገባ ታየ። ሰው እንደሁ ወሬ አያሳድርም፤ ከንግሡ በኋላ የኔታ ከመሪነት ያርፋሉ፣ በቦታቸውም ሐብተ ማርያም ይገባል ተባለ። ቢያዝን የኔታን በቀጥታ ቢጠይቃቸው ኖሮ በአንድ አረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። አፈረ። አፍሮም በሆዱ ይዞት ዋለ፤ ሆድ ደግሞ የያዘውን ነገር ያሳብጣል።

«ከተሸከምሃቸው ማን ያይሃል?» አለችው ዓይናዲስ። «አንድ ቀን አውርዳቸውና ሰው ይይህ።»

አባቴ ናቸው ብሎ ተቆጣት። እሷም ማን ግደላቸው አለህ፣ አንዲት ስንኝ ናት አለችው። ሲጠፋቸው ትንሽ ትቆያለህ፣ ከዚያ አንተ ታነሣዋለህ፣ ሰውም ማን ማንን ሲያቆም እንደኖረ ያያል፣ እሳቸውም ያርፋሉ። ነገሩ ሲነገር ደግነትም ይመስል ነበር። ቢያዝን ሦስት ቀን አልበላም። በአራተኛው ቀን በላ።

በሰኔው ንግሥ ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱ ካለቀ በኋላ መዘምራኑ በዐውደ ምሕረቱ ላይ በቀኝና በግራ ተሰለፉ። ሰማዩ ደመና ቢሆንም ዝናቡ ራርቶ ነበር። አስተዳዳሪው ከእንግዶቹ ጋር ቆመዋል። ሐብተ ማርያም በግራው ሰልፍ አለ። ይርገዱ ከሴቶቹ ፊት ቆመው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል፤ ቢያዝን ይህን ሲያይ ብርድ ነው ብሎ አሰበ።

የኔታ ጀመሩ። ቢያዝን የመጀመሪያውን ስንኝ ቃል አቀበላቸው፤ አወረዱት። ሁለተኛውንም አቀበላቸው፤ አወረዱት። ከበሮው ተመታ፣ ጸናጽሉ አቃጨለ፣ ሕዝቡ እልል አለ። ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ የኔታ ወደ ቢያዝን ዞሩ። እንደ ሌላው ጊዜ ጆሯቸውን ብቻ አላዘነበሉም፤ ፊታቸውን ሙሉ አዞሩ። ፈገግም አሉ። ቢያዝን ልመና መሰለው።

ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች። አጭር ቃል ናት፤ ሕፃን ዲያቆንም ይላታል። ጥርሱን ገጠመ።

የኔታ ጠበቁ። ፈገግታቸው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ከአፋቸው ዳር ጀምሮ ጠፋ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ጸናጽል የያዙት እጆች አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ፤ አንዲት ሴት «ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለች። አዛውንቱ መቋሚያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸው ከቢያዝን ዓይን ሳይነሣ፣ እንዲያ ቆሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአፍ ስላልወጣው ግን ተረት የለንም።

ያን ጊዜ ቢያዝን አነሣው። እንዲያ ያለ ድምፅ በዚያ ቅጽር ተሰምቶ አያውቅም አሉ። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ፤ ከዓይኑ እንባ የወረደም ነበረ። የኔታ ከሰልፉ ወጥተው መቋሚያቸውን ከግንቡ አስደግፈው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ይርገዱ ነጠላቸውን እንዳጠበቁ ወደ እሳቸው ሲሄዱ ቢያዝን በጎን አያቸው። ዜማውን አላቋረጠም።

መቋሚያውን በሳምንቱ አስተዳዳሪው በእጃቸው ሰጡት። አያ ሰጠኝ አልዋሹም፤ ዓመቱ ሳያልቅ እጁ ገባ። ሐብተ ማርያም ግራ ጌታ፣ የግራው ሰልፍ መሪ፣ ሆነ፤ የመጣውም ለዚያ ኖሯል። የኔታ ክረምቱ ሳይጠና ወደ ወገራ ወጡ። ከዚያ በሰው ልከው፣ ጤናዬ እምብዛም ነው፣ ልጄ ቢመጣ ልየው አሉ። ቢያዝን ሥራ በዛብኝ ብሎ መለሰ። የፍልሰታ ጾም ይፈታ አለ፣ ከዚያ መስቀል ይለፍ አለ። በጥቅምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ደርሶ ፍትሐቱን መራ፤ ሰው ሁሉ አሟሟታቸው አማረ አለ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አፍርተው።

ሰባት ዓመት አለፈ። በሰባቱም ዓመት በሰኔው ንግሥ ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ ያቺ ቃል ከቢያዝን ትጠፋለች። ሌላው ሁሉ አለ፣ እሷ ብቻ የለችም። እቤቱ ሲያንጎራጉር አለች፤ ሲያስተምር አለች፤ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሲቆም አፉ ባዶ ይሆናል። ወረቀት ላይ ጽፎ በመዳፉ ይዞ መቆም ጀመረ። በቀኙ የሚያቆመው ሰው የለም። ጥሩ ጥሩ ደቀ መዛሙርት አሉት፤ ግን ሌባ እናት ልጇን አታምንም፤ ቃል እንዲያቀብሉት ቢያቆማቸው አንድ ቀን ጥርሳቸውን የሚገጥሙበት ይመስለዋል። ዓይናዲስ በሰኔው ንግሥ ሌላ ደብር ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ «ያን ቀን ምነው አፌን በቆረጠው» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ተነጋግረው አያውቁም።

የየኔታ የሰባት ዓመት ተዝካር ሲደርስ መቅረት አልቻለም። በመኪና ዳባት ደርሶ የቀረውን በእግሩ ሄደ። ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ነበር። አያ ሰጠኝም ሞተዋል፤ ቤታቸው በር ላይ ሣር በቅሏል። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሰው ዳሱ ውስጥ በልቶ ጠጥቶ ሲሳሳ፣ ይርገዱ በእጃቸው ጠሩትና ወደ ቤት አስገቡት። ባላቸው ካረፉ በኋላ ስለመነኮሱ አሁን እማሆይ ይባላሉ። በጣም አንሰዋል። ከሣጥናቸው ታጥፎ የተቀመጠ ነጭ ሸማ አውጥተው ጉልበቱ ላይ አኖሩት።

«ያን ቀን በነጠላዬ ሥር ይዠው ነበር» አሉ። «ፈትሉን እኔ ነኝ የፈተልሁት። ያንተ ጥምጥም ነው።»

አልገባውም። እማሆይ ቀስ ብለው፣ እንደ ተራ ነገር፣ ነገሩት። የኔታ ከፋሲካ በኋላ ከአስተዳዳሪው ጋር ጨርሰው ነበር፤ በቦታዬ የሚቆም ልጄ ነው ብለው። ለእሱ ግን እንዳይነገር አስምለው ነበር፣ በሕዝብ ፊት ሊያስደንቁት። ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ እዞራለሁ፣ እሱ እንደ ልማዱ ቃሉን ያቀብለኛል፣ ያን ጊዜ «አንተው በለው» ብዬ መቋሚያውን እሰጠዋለሁ፣ አንቺም ጥምጥሙን ታመጫለሽ ብለዋቸው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ሲስቁ አደሩ አሉ እማሆይ።

ቢያዝን ያን ፈገግታ አሁን አየው። ሰባት ዓመት ሙሉ ልመና ያደረገውን ፈገግታ። እጁን ሸማው ላይ አሳረፈ።

«እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቀንም አልተቀየሙህም» አሉ እማሆይ። «‹የኔ በሽታ ተጋባበት፣ ይርገዱ፤ ቃሉ ከልጄም መጥፋት ጀመረ› እያሉ ነበር የሚያዝኑት። ሲጸልዩም ለራሳቸው አልለመኑም። ለሱ መልስለት ነበር የሚሉት።»

ከውጭ የሰው ድምፅና የሳህን ኮሽታ ይሰማል። እማሆይ ወደ ፊቱ ጎንበስ ብለው አዩት። ዓይናቸው ደክሟልና ቀረብ ማለት ነበረባቸው።

«ምነው ልጄ፣ እውነት ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም ነበር» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ምላሱ ላይ ነበረች፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ አጭር፣ ሕፃንም የሚላት። እንደሚላት አምኖ አፉን ከፈተ። ከዚያ የአሮጊቷን ፊት አየ፤ ሰባት ዓመት ይህን ሣጥን ሲጠብቁ የኖሩትን ሴት አየ። ደግሞም መቋሚያውን፣ ደብሩን፣ ዳሱ ውስጥ የሚጠብቁትን ካህናት አሰበ፤ ለእሳቸው አዝኖ ነው እንዳልል ይህንንም አስቧል። ጥርሱን ገጠመ።

እማሆይ ጠበቁት። የኔታ እንደጠበቁት ያህል ጠበቁት። ከዚያ ዝምታውን በራሳቸው ደግነት ተረጎሙት።

«አትፈር፤ ሰው ይረሳል» አሉ። «ተመስገን። ሌላ ነገር ቢሆን ብዬ እኔ ነበርሁ የፈራሁ፤ ኃጢአቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አሉት። ቢያዝን ይህንንም ዝም ብሎ ተቀበለ። እማሆይ አሮጌውን ጥምጥም አውልቀውለት ሸማውን ዘርግተው በራሱ ዙሪያ ይጠመጥሙለት ጀመር፤ እንዲደርሱለትም አጎነበሰ። ጨርቁ ብዙ ስለቆየ የታጠፈበት መስመር አልለቅ ብሏል። በመዳፋቸው ደጋግመው ዳበሱት፣ አልለቀቀም።

«ሸጋ ሆነሃል» አሉት፣ ፈቀቅ ብለው እያዩት። «በል ውጣ፣ ሰው ይይህ።»

ወደ ዳሱ ወጣ። ካህናቱ አይተው ተነሡለት።