ጥምጥም በፌስታል

ክላክሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ቄስ ወልደ ገብርኤል የሚሸሹበት መሬት አልቀረላቸውም። በቀኝ በኩል ግሬደር ገፍቶ የተወው የጠጠር ክምር አለ፤ ከክምሩ ማዶ ቦይ ነው። በግራ በኩል ደግሞ አይሱዙው መጣባቸው። "ምን ላድርግልህ፣ ልብረር?" አሉ ለራሳቸው። ማለፍ ለሚፈልግ ሰው የመንገዱ ግማሽ ባዶ ነበር፤ ከፊት የሚመጣ በቅሎ እንኳ አልነበረም። አይሱዙው ግን ያን ባዶ ግማሽ ትቶ ወደ እሳቸው ተጠጋ። የጭነት ሣጥኑ ጎን፣ የስፖንዳው ብረት፣ ግራ ክርናቸውን ገጨት አደረገው፤ የሳይክሉ ጎማ ጠጠሩ ውስጥ ሰመጠ፤ ቄሱም ከነሳይክላቸው ቦዩ ውስጥ ተገለበጡ።

በአቧራው መሐል መጀመሪያ የሰሙት ሳቅ ነው። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡ ገበያተኞች ይስቁ ነበር። ሰው ወደቀ ብሎ የጮኸ የለም። መኪናው ቆመ፤ የቆመው ግን ለእሳቸው አልነበረም። ሲያጋድል የአንዲት ሴት የዶሮ ቅርጫት ወድቆ ኖሮ፣ "ዶሮዬን! ኧረ ዶሮዬን!" እያለች ጋቢናውን ስለደበደበች ነው።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ሳይክል የሚነዱት ቢቸግራቸው ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በወግዲ መንገድ ላይ ያለው የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ካረፉበት ወዲህ አገልጋይ አጣ። እሳቸው ደግሞ የከተማው ማርያም አገልጋይ ናቸው። ሁለቱን ደብር በእግር ማዳረስ አቃታቸው። ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው መሰረት ይህን ስትሰማ በላከችው ብር ያችን ሳይክል ገዙ። ነጩ ጥምጥም ደግሞ አቧራውን አይችለውም። ስለዚህ መንገድ ሲወጡ ጥምጥሙን በፌስታል ጠቅልለው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ያስሩታል፤ የሱፍ ቆብ ያጠልቃሉ፤ ከቀሚሳቸው ላይ አሮጌ የዝናብ ልብስ ይደርባሉ። ከኋላ ለሚያያቸው ሰው ማንም ሳይክለኛ ናቸው።

የአይሱዙው ረዳት ሞላ ቅርጫቱን ሊያነሳ እየሳቀ መጣ። ቦዩ ጋ ሲደርስ ፌስታሉ ተቀድዶ፣ ነጩ ጥምጥም ከጭቃው ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ አየ። ወደ መኪናው ዞሮ ጮኸ።

"ቸኮል! ኧረ ውረድ ቸኮል! ጉድ ፈላ! ቄስ ናቸው!"

ከላይ የነበረው ሳቅ ተቆረጠ። ቀድማ በሳቅ ስትንከተከት የነበረችው ሴት "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። ሹፌሩ ቸኮል ከጋቢና ዘሎ ወርዶ፣ ጠጠሩን በጉልበቱ እየዳኸ፣ ጭቃ ከነካው እግራቸው ላይ ተደፋ።

"አባቴ፣ አፈር ስሆን! ይፍቱኝ! እርስዎ መሆንዎን መቼ አውቄ!"

"ማን መስዬህ ነው?" አሉት ቄሱ። ከጉልበታቸው ደም ይወርዳል።

"ያ ሃሩን ነዋ! ያ ዳቦ የሚያመላልሰው! ድኖ ደግሞ መንገድ ላይ የወጣ መስሎኝ..."

እዚህ ላይ ቸኮል አፉን ዘጋ። ግን ቃሉ ወጥቷል። ሃሩን ከዳቦ ቤት ወደ ገጠር መንደሮች በሳይክል ዳቦ የሚያደርስ ወጣት ነው። ከፋሲካ በፊት እግሩ ተሰብሮ እዚሁ መንገድ ላይ ተገኘና እስካሁን አልጋ ላይ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ራሱ እንደወደቀ ነው። "ፍጥነት ነው፤ ልጅነት ነው" ተብሎ ነገሩ አልቆ ነበር።

  ቄሱን ከወደቁበት ይልቅ ያመማቸው ይህ እግራቸው ላይ የተለጠፈው ከንፈር ነበር። ይህ ሰው እኮ ዛሬ ጠዋት መስቀል ተሳልሞ ነው መሪ የጨበጠው።

ቸኮል ብድግ ብሎ ጋቢና ውስጥ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት፣ "ውረጂ፣ ለአባታችን ልቀቂ!" አላት።

"አታስነሳት" አሉ ቄሱ። "በእግሬ እሄዳለሁ።"

ጥምጥማቸውን ከጭቃው ለቅመው፣ የጎማው ክብ ብረት፣ ቸርኬው፣ የተጣመመበትን ሳይክል እየገፉ፣ እያነከሱ ከተማ ገቡ። አይሱዙው እስከ ከተማው ዳር ከኋላቸው አዘገመ። ክላክስ የሚባል ነገር አላሰማም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ጉልበታቸውን በሞቀ የጨው ውኃ አጥበው ሳይጨርሱ ሽማግሌ መጣ። ቸኮል በልማዱ መሠረት ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ከፊት የሚመሩት አቶ አምባቸው ናቸው፤ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች አጅበዋቸዋል። ረዳቱ ሞላ ደግሞ አዲስ የሳይክል ጎማ ከነቸርኬው ይዞ በር ላይ ቆመ።

"አባታችን፣ ባለማወቅ የተሠራ ነው" አሉ አቶ አምባቸው ገና ሳይቀመጡ። "ልጁ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ድንጋዩን ያውርዱለትና ይፍቱት።"

"ድንጋዩን አውርድ" አሉ ቄሱ። "በእኔ ላይ ለሠራኸው እግዚአብሔር ይፍታህ። ሃሩን ቤትስ ሄድህ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ሃሩን ራሱ ነው የወደቀው" አሉ አቶ አምባቸው። "በራሱ አንደበት ተናግሯል። ያለቀ ነገር ምን ያስነሳዋል?"

"ያስነሳው ቸኮል ነው። ሃሩን መስለውኝ ነው አለኝ። ቸኮል፣ ዋሸሁ?"

ቸኮል ድንጋዩን እግሩ ሥር እንዳስቀመጠ መሬት መሬት ያያል። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ጥቂት ለቅቆት ነበር፤ የሹፌርነቱ እልህ መጣበት።

"አባቴ፣ እርስዎ ስለማይነዱ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የጀመረ መኪና ማርሽ ከቀየረ ሞተ ማለት ነው። ሳይክለኛ ደግሞ አይሰማም። መንገዱ የመኪና ነው።"

"ዳገት የቱ ጋ ነበር ዛሬ?"

ቸኮል ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው።

"መንገዱስ የመኪና ነው ያለህ ማነው? ቀበሌው ሕዝቡን ለመንገድ ሥራ ሲያስወጣ እኔም ድንጋይ ለቅሜበታለሁ፤ ሃሩንም ለቅሟል። ያኔ መኪና ያላችሁት የት ነበራችሁ?"

"አባታችን፣ አባታችን" አሉ አቶ አምባቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ግን ጣሪያ ጣሪያ ካሉ ዓመት ሆኗቸዋል። "እኛ መላ ይዘን ነው የመጣን። ከእንግዲህ እርስዎ ጥምጥምዎን ጠምጥመው ይንዱ። ከሩቅ ይታያል። ጥምጥም አይቶ የሚገፋ ሹፌር በዚህ አገር የለም። ቸኮልም ለጓደኞቹ ይነግራል። በቃ፣ መንገዱ ለእርስዎ ሰላም ሆነ።"

ሽማግሌዎቹ በዚህ መላ ተደሰቱ። "ደግ ብለዋል" አለ አንዱ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል አንድ በአንድ አዩዋቸው። አብረዋቸው የኖሩ፣ ልጆቻቸውን ያጠመቁላቸው ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ላይ እፍረት አላዩም።

"ሃሩንስ ምን ይጠምጥም?" አሉ።

 አቶ አምባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያመጡትን ነገር አወጡት። "ነገ ቸኮል ደሴ ይወርዳል። የገብርኤልን ቆርቆሮ በነፃ ጭኖ ሊያመጣልን ነው። ክረምቱ ደርሷል አባታችን። አምና ዝናቡ መቅደስ ድረስ እንደገባ ያውቃሉ። ሌላ መኪና ከየት እናመጣለን? ሆድ ይፍጀው ይባላል እኮ አንዳንድ ነገር።"

ሲሄዱ ሞላ አዲሱን ጎማ ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ጎማውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው ይዘው ከደጅ አወጡት።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አሏቸው።

"እኔ እንጃ። የሚያስቀይመኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያንን ሁሉ ሲናገሩ እኔ በልቤ ስለ ቆርቆሮው አስብ ነበር።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ የተጣመመውን ቸርኬ ፈትተው በትከሻቸው አንጠልጥለው ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው የሃሩን ቤት ሄዱ። ሃሩን እግሩን በሸምበቆ አሳስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እናቱ በርጩማ አቀረቡላቸው።

"አብሽሩ አባ! እርስዎንም ጠለፈዎት አሉ?" አለ ሃሩን ፈገግ ብሎ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ወሬው ቀድሟቸዋል። "ይስጡኝ እስቲ ቸርኬውን።"

ቸርኬውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹን፣ ራጂዎቹን፣ አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ያቃናው ጀመር። እጁ ሥራ ናፍቆታል።

"ለምን ራሴ ወደቅሁ አልህ?" አሉት።

"የዳቦ ቤቱን ዱቄት ከደሴ የሚያመጣው ማን ሆነና ነው አባ? የዳቦ ቤቱ ባለቤት እዚሁ መጥቶ፣ ቸኮልን ካስቀየምክብኝ ዱቄት የለኝም፤ ዱቄት ከሌለኝ ሥራ የለህም አለኝ። እናቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ የላትም። ወላሂ አፌን ያዝኩ።" ቸርኬውን በጣቱ አሽከረከረው፤ አሁንም ትንሽ ይወዛወዛል። "ሰው መንገዱ ጠባብ ነው ይላል። ሐሰት ነው። ሁለት አይሱዙ ሲገናኙ አንዱ ዳር ይዞ ሌላውን ያሳልፋል፤ እጅ ነስተው፣ ሰላም ተባብለው ይሄዳሉ። እኛን ሲያዩ ነው መንገዱ የሚጠብባቸው።"

"ቸኮል መጥቶ ይቅርታ ቢልህ ትቀበለዋለህ?"

"ይምጣና እንየዋ" አለ ሃሩን። "ለይቅርታ ማንም መጥቶ አያውቅም እኮ።" ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው። "ግን ቆርቆሮውን እሱ ነው የሚያመጣው አሉ። እናንተም እንደኛ ናችሁ አባ።"

 ሃሩን ቸርኬውን አቅንቶ ሰጣቸው። መንገድ ላይ አይሱዙ ሲቃረብ ጠጠሩ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ጠጠር ጎማ እንደሚይዝ መከራቸው። እናቱ ዱዓ አድርገው እስከ በር ሸኟቸው።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያው ሞልቷል። ደሴ የሚወርድ ሹፌር ሁሉ መሪ ከመጨበጡ በፊት የካህን መስቀል ይሳለማል፤ ረጅሙን ገደል ያለዚያ የሚደፍረው የለም። ቄስ ወልደ ገብርኤል ሳይክላቸውን እየነዱ መጡ። ጥምጥሙ በአዲስ ፌስታል ከኋላ ታስሯል፤ ራሳቸው ላይ ያቺው የሱፍ ቆብ ናት። አቶ አምባቸው ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተቋጠረ። ኮሚቴው በሙሉ ቆርቆሮ ጫኙን ሊሸኝ ወጥቷል።

ቸኮል ሕዝቡን ከፍሎ መጣ። ታጥቧል፤ ንጹሕ ጃኬት ለብሷል። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ግንባሩን እንዳቀረበ ጠበቀ።

የቄሱ ቀኝ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የመስቀሉ እጀታ ሞቋቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ለቀረበው ግንባር ሁሉ አውጥተውታል፤ ለሌባውም፣ ለሰካራሙም፣ ለሐሰት ምስክሩም። ከልክለው አያውቁም። አንድ ጊዜ ቢያወጡት የገብርኤል መቅደስ ከዝናብ ይድናል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ወደየቤቱ ይገባል፤ ነገ ደግሞ አንዱ ጥምጥም የሌለው ሰው ቦይ ውስጥ ይገኛል።

እጃቸውን ባዶውን አወጡና የሳይክሉን መሪ ያዙ።

"ቸኮል፣ ቀና በል" አሉት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። "ዛሬ መስቀል የማሳልምህ እዚህ አይደለም። ሃሩን ደጃፍ ላይ ነው። አንተ ገፍተህ እግሩን የሰበርከውን ሰው ይቅርታ ጠይቀህ ስትወጣ እዚያው እጠብቅሃለሁ።"

 የመናኸሪያው ረዳቶች መንገደኛ መጥራት አቆሙ። ቸኮል ቀና ሲል ፊቱ ደም መስሎ ነበር።

"አባታችን!" አሉ አቶ አምባቸው፣ ክንዳቸውን ይዘው። "ኧረ ቆርቆሮው! ስለ ገብርኤል!"

"ስለ ገብርኤል ነው" አሉ ቄሱ፣ ክንዳቸውን ቀስ ብለው እያስለቀቁ።

ሳይክሉ ላይ ወጡ። የታመመው ጉልበታቸው ፔዳሉን ሲገፋ ጮኸባቸው። ወደ ጠርዙ፣ ወደ ጠጠሩ አልሄዱም፤ የመንገዱን መሐል ይዘው ወደ መስጊዱ ሰፈር ነዱ። ከኋላቸው የአይሱዙው ሞተር ሲነሣ ሰሙ። ወደ ደሴ ይታጠፍ ወይስ ይከተላቸው፣ ዞረው አላዩም።