የበረኪና ሽታ

ባየው ደብረ ብርሃን ዳር የወተት ላሞች ያረባል፤ ሲናደድ ግን ምላሱን የሚይዝለት ሰው አልተፈጠረም። ለላሞቹ የዘራው አጃ ቶሎ እንዲያድግለት የዩሪያ ማዳበሪያውን ያለ ልክ በተነበት። ከዚያም አጭዶ፣ ከትፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ረግጦ በሸራ አሸገው፤ ለበጋ የሚቀመጥ ገፈራ፣ ታምቆ የሚብላላ እርጥብ መኖ መሆኑ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሸራውን ገለጥ ሲያደርግ የበረኪና ሽታ አፍንጫውን ወጋው። በግቢው በረኪና የምትነካ ደግሞ አልታየች የምትባለዋ ሴት ብቻ ናት፤ ከወለጋ ተፈናቅላ በአቅራቢያው ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ የምትኖር፣ ለባየው ቤተሰብ ልብስ የምታጥብ። ሌላ ምን ማሰብ ያስፈልጋል! ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ ሊቀዳ ወደተሰለፈበት ቦኖ ተከትሏት ሄደና እጣቢሽን መኖዬ ላይ ደፍተሽ ላሞቼን ልትፈጂ ነው አላት።

"ጋሼ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እኮ ቢጫ ጭስ…" ብላ ስትጀምር አላስጨረሳትም።

"የማያውቁትን ሰው ማስጠጋት ትርፉ ይሄው ነው" አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አልታየች ጄሪካኗን ሳትሞላ ሄደች፤ ወደ ባየው ግቢም ለሥራ አልተመለሰች።

በማግስቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዶሮ ሞታ ተገኘች። የመኖ ባለሙያዋ ምስራቅ መጥታ ማንም እንዳይጠጋ ካስጠነቀቀች በኋላ ነገሩን አስረዳችው። ዩሪያ የበዛበት አጃ ታሽጎ ሲብላላ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል፤ መልኩ ወደ ቢጫ ቡኒ ያደላል፣ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ሽታው ቁርጥ በረኪና ነው። ዩሪያውን ማን እንደበተነው ስትጠይቀው ባየው መሬት መሬቱን አየ።

ለካ ያቺ ሴት ልታስጠነቅቀው ኖሯል! በራሱ አፈረ።

ወደ መጠለያው የሄደው አብዛኛው ሰው እርዳታ ሊቀበል የሚወጣበትን ሰዓት መርጦ ነው። አልታየችን ድንኳኗ በር ላይ ልብስ ስታጥብ አገኛት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ነገራት፤ ወደ ሥራዋ እንድትመለስም ለመናት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

"እንኳን እርስዎን አተረፈልን" አለችው። "ግን ጋሼ፣ የሰደቡኝ ቦኖ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። ይቅርታው ለብቻዬ ሆነ?"



ጠዋት ቦኖው ጋ ሄዶ ባዶ እጁን ከሰልፉ ፊት ቆመ። አልታየች ምንም አላጠፋችም፣ አጥፊው እኔ ነኝ አለ፤ ድምፁ ግን ፊት ከቆሙት አላለፈም።

"አልሰማንም" አለች ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ሴት።

ባየው ጮክ ብሎ ደገመው።