የዳቦ ጋጋሪው ሽጉጥ

ሮስቪታ ካቻቢቴውን የሽጉጡ እጀታ ብሎን ላይ ገና ከማሳረፏ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሴት «ሐሰተኛ ነው፣ አይደል?» አለቻት።

«ገና አልፈታሁትም እኮ።»

«ሲያዩት ብቻ አያስታውቅም?»

«አንዳንዱ ያስታውቃል። ይሄኛው አላስታወቀኝም» አለች ሮስቪታ። ብሎኑን ማላላት ጀመረች፤ ዓይኗ ግን ከብሎኑ ይልቅ ወደ ሴትዮዋ ያመዝን ነበር።

ሴትዮዋ አኔግሬት ትባላለች። ሰባውን የተሻገረች ጡረተኛ መምህርት ናት፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልክ ባቡር እንደሚያመልጠው ሰው።

ሮስቪታ በጠመንጃ ሥራ በምትታወቀው የጀርመኗ ዙል ከተማ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት የብረት ቀራጮች አንዷ ነች። እንጀራዋ የአዳኞች ጠመንጃ ላይ አጋዘንና የዱር አሳማ መቅረጽ ነው። ከዚያ ሌላ ግን በዚያ ክፉ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ዘመን የናዚ ባለሥልጣናት ለታመኑ ሰዎቻቸው ያስቀርጹ የነበሩት የስጦታ ሽጉጦች ሲገኙ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንድትለይ ወደ እሷ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ሐሰተኛ ናቸው። ተራ ሽጉጥ ገዝቶ፣ ቅጠልና ንስር አስቀርጾ፣ የአንድ የታወቀ ሰው ስም የሚያስጽፍ አታላይ ሞልቷል። ሻጮቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እጇን ይዘው «እውነተኛ ነው በይን» ይሏታል፤ አያታቸው ከጄኔራሉ እጅ እንዴት እንደተቀበሉት ይተርካሉ። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች፣ አንዱንም አታምንም።

ሐሰተኛ ነው በይኝ ብላ የምትለምን ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ለዚህም ነው ከሽጉጡ በፊት ሴትዮዋን የጠረጠረችው።

ደግሞም ጠዋት የአኔግሬት ታናሽ ወንድም ኤካርት ደውሎላት ነበር። ከኤካርት ጋር የአንድ መዘምራን ቡድን አባላት ስለሆኑ በአንቺና በአንተ ነው የሚነጋገሩት።

«ሮስቪታዬ፣ እህቴ ዛሬ ትመጣልሻለች። ጆሮሽን እንዳትሰጫት» አላት።

«ምን ልትለኝ ነው?»

«ሐሰተኛ ነው በይልኝ ትልሻለች። ገባሽ? ሐሰተኛ ከተባለ እኔ ድርሻዬን በርካሽ እለቅላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ዞር ብላ በደህና ዋጋ ትሸጠዋለች። አኔን አታውቂያትም! ልጆች ሆነን ለፋሲካ የተደበቀ እንቁላል ስንፈልግ እንኳ፣ መጀመሪያ የምትፈትሸው የእኔን ቅርጫት ነበር።»

«አንተስ ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?»

«እኔማ እውነቱን ነው» ብሎ ሳቀ ኤካርት። «እውነተኛ መሆኑን ማለቴ ነው።»

ሽጉጡ የተገኘው የወላጆቻቸው ቤት ጣሪያ ሲታደስ፣ ከቆርቆሮው በታች ካለው ጣውላ ሥር በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ፖሊስ ወስዶ መርምሮ፣ ፈቃድ ስላላት ሮስቪታ ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገ። ትንሽ፣ ኪስ የሚገባ ሽጉጥ ነው። እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው። በግራ ጎኑ የባሉጥ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ተቀርጾበታል። በቀኝ ጎኑ ደግሞ «ለኦትማር ክሎስ፣ ስለ ታማኝ አገልግሎቱ፣ መጸው 1942» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ በምሥራቅ በኩል የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ሰፍሯል።

ኦትማር ክሎስ አባታቸው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለሠራዊቱ ዳቦ ይጋግር እንደነበር ለልጆቹ ነግሯቸዋል፤ ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሮስቪታ ግን የዚያችን ከተማ ስም ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው። በዚያ መጸው የከተማይቱ አይሁዶች ወደ ጫካ ተነድተው እንዳለቁ ታውቃለች። ሊጥ ላቦካ ሰው ደግሞ የተቀረጸ ሽጉጥ የሚሸልም አለቃ አልነበረም።

እጀታው ተላቀቀ። ከሥሩ ያለው ቁጥር ከላይኛው አካል ቁጥር ጋር አንድ ነው። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም። አታላዮችም ቁጥሩ የሚገጥም ሽጉጥ ያገኛሉ። የፋብሪካውን ማኅተም በአጉሊ መነጽር አየችው። ሽጉጡ ኋላ ተቀርጾ እንደገና ቀለም ተነክሮ ቢሆን ኖሮ የማኅተሙ ጠርዝ እንደተላሰ ከረሜላ ይሟሟ ነበር፤ ይኼኛው ግን ስል ነው።

«እና?» አለች አኔግሬት።

«ገና ነኝ።»

«ቅጠሉ አዲስ አይመስልም? ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው።»

«ሰው ሳይነካው ጨለማ ውስጥ የኖረ ብረት አዲስ ይመስላል።»

«እሺ፣ ቅጠሉ የድሮ ይሁን። ስሙን ግን ኋላ ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም?»

ሮስቪታ መነጽሯን አወለቀች። ጥያቄው አዋቂ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ይቺ ሴት ተዘጋጅታ ነው የመጣችው ማለት ነው።

«ወይዘሮ አኔግሬት፣ ግልጽ እንነጋገር» አለች። «ገዢዎ ማን ነው?»

«የምን ገዢ?»

«ወንድምዎ ደውሎልኛል። ሐሰተኛ አስብለው ድርሻውን በርካሽ ሊወስዱበት እንደሆነ ነግሮኛል።»

አኔግሬት መጀመሪያ የሰማችው አልገባትም። ከዚያ ፊቷ ቀላ፣ ሳቀችም፤ ሳቋ ግን ሳል ይመስል ነበር።

«ኤካርት? ኤካርት እንዲህ አለ? አይ የኔ ወንድም! እኔ ይሄን ነገር በነጻ ቢሰጡኝ ቤቴ አላስገባውም።» ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነጭ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ይስቃል። «ዳቦ ቤታችን ፊት ያለው አደባባይ በግንቦት በአባቴ ስም ሊሰየም ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከምሥራቅ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ሲራቡ፣ ሌሊት የጋገረውን ጠዋት በየበራቸው ያስቀምጥላቸው ነበር። ይሄ ተረት አይደለም፤ የበሉት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ፊርማውን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ጉልበቴ ቤት ለቤት ዞሬ።»

«ወንድምዎ ይሄን ያውቃል?»

«ንግግር የሚያደርገው እሱ ነው።»

ሮስቪታ ፎቶውን አየችው፤ ሴትዮዋንም አየቻት። ከእሷ ፊት ያለቀሰ አታላይ ብዙ ነው፤ አንዱማ የሌላ ሰው አያት ፎቶ ይዞ መጥቶ ተንሰቅስቆላታል። ቢሆንም በዚህች ሴት ፊት ላይ እንባ የለም። ያለው ፍርሃት ነው። ፍርሃትን ደግሞ አስመስሎ መሥራት ይከብዳል።

ሽጉጡን ብረት ቀርቅሮ በሚይዘው ሞርሳ ላይ በቆዳ አስደግፋ አሰረችውና ትልቁን አጉሊ መነጽር አመጣች። ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ብላ ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስሙን ፊደል በፊደል ተከተለችው። የቆየ ስም ተፍቆ ቢሆን ብረቱ እዚያ ጋ ጎድጎድ ይል ነበር፤ አላለም። ሌላ እጅ ቢሆን ኖሮ የፊደሎቹ ጥልቀት ከቅጠሎቹ ይለይ ነበር፤ አልተለየም።

ከዚያ አንድ ነገር አየች። በእያንዳንዱ ፊደል ጉድጓድ ውስጥ፣ ከዋናው መስመር ጎን ለጎን፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሌላ መስመር ይሄዳል። ሽጉጡን አገላበጠችው። የመጨረሻው የባሉጥ ቅጠል ላይም ያው መስመር አለ። ቀደም ባሉት ቅጠሎች ላይ ግን የለም።

ሽጉጡን መልሳ በስሙ በኩል አዞረችው።

«ይንገሩኝ» አለች አኔግሬት።

«ይምጡ፣ ራስዎ ይዩት።» ሮስቪታ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላት። «ቀራጩ የመጨረሻውን ቅጠል ሲሠራ የመቅረጫው ጫፍ ትንሽ ተሸረፈ። ሲሸረፍ እንዲህ ያለች ቀጭን ጭረት ይተዋል። ሳይስለው በዚያው መቅረጫ ስሙን ጻፈ። መቅረጫ በየጊዜው ይሳላል፤ ሲሳል ጭረቷ ትጠፋለች።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቅጠሉና ስሙ በአንድ እጅ፣ በአንድ መቅረጫ፣ በአንድ ጊዜ ነው የተሠሩት። ቅጠሉ ደግሞ፣ ከፋብሪካው ማኅተም እንዳየሁት፣ የዚያን ጊዜ ነው። አዝናለሁ።»

አኔግሬት ዓይኗን ከመነጽሩ ላይ አላነሳችም። የምታየው የአባቷን ስም ነው፤ ጣት በሚያክል መጠን።

«እርስዎ ቀራጭ ነዎት» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ፍቆ ማጥፋት ይቻላል?»

«ይቻላል። ማንም በማያውቅበት አድርጌ ላጠፋው እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሐሰተኛ ያደረግኩት እኔ እሆናለኋ።»

ስልኩ ጮኸ። ኤካርት ነው። ሮስቪታ አኔግሬትን አስፈቅዳ ድምፁን ለሁለቱም ከፈተችው።

«እ፣ ሮስቪታዬ! ምን ተገኘ?»

«እውነተኛ ነው።»

«አላልኩሽም! አላልኩሽም!» ሲያጨበጭብ ተሰማ።

«ስሙም እውነተኛ ነው፣ ኤካርት። እህትህ እዚህ ናት፤ ትሰማሃለች።»

ጭብጨባው ቆመ። «አኔ» አለ እህቱን በቁልምጫ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ስሚኝ። ገዢው ባሕር ማዶ ነው። ሽጉጡ ይሄዳል፣ ነገሩም አብሮት ይሄዳል። አባባ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል።»

«አደባባዩ ግን ገና ሊወለድ ነው» አለች አኔግሬት።

«ዳቦውንስ አልሰጠም? ሰጥቷል እኮ!»

«ሰጥቷል።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምትይኝ? ንግግሩን ጽፌ ጨርሻለሁ!»

አኔግሬት የጋዜጣውን ቁራጭ ወደ ራሷ ሳበችው። ኤካርት ስልኩን ዘጋው።

ሮስቪታ እጀታውን መልሳ ገጠመች፤ ሽጉጡን ካዝናው ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ የምርመራ ውጤቱን መጻፍ ጀመረች። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ቤተሰብ እንዳይሸማቀቅ የተሸላሚውን ስም በሁለት ፊደል ብቻ የማሳጠር ልማድ ነበራት። «ኦ. ክ.» ብላ ጻፈች።

አኔግሬት ከጀርባዋ ቆማ ታነብ ነበር። እስካሁን ጥርጣሬው ከሮስቪታ ጋር ነበር፤ አሁን ደግሞ ዞር ስትል በሴትዮዋ ዓይን ውስጥ አየችው፤ ሰው ያድበሰብስብኛል የሚል ጥርጣሬ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልማድ ነው። ለእናንተው ብዬ ነው።»

«ሙሉውን ይጻፉት። ኦትማር ክሎስ። የከተማይቱንም ስም።»

ሮስቪታ አጠፋችና እንደገና ጻፈችው። ስሙ በስክሪኑ ላይ ተራ ስም ሆኖ ታየ፤ የፖስታ ሳጥን ላይ እንደሚለጠፍ ዓይነት።

«ሁለት ቅጂ ያውጡልኝ» አለች አኔግሬት የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች።

«አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለወንድምዎ?»

«አንዱ ለወንድሜ» አለች፤ የጋዜጣውን ቁራጭ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ሌላው ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። አሁን ከወጣሁ ሳይዘጉ እደርስባቸዋለሁ።»